የደሴ ብርድና ሁለቴ የሚከፈልበት ጥገና

ኅዳር ገብቶ የጦሳ ተራራ ነፋስ ወደ ከተማው መውረድ ሲጀምር ደሴ ውስጥ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ስልክ ፋታ ያጣል። ሂተሩ አያሞቅም፣ ሻወሩ ቀዝቃዛ ብቻ ይለቃል፣ ቦይለሩ ብሬከር ይጥላል፣ ፍሪዘር ውስጥ የነበረው ሥጋ ቀልጦ ተገኘ። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ወቅቱ ይገለበጣል፤ እዚያ ጥሪው የሚበዛው ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ኤሲ ሲቆም ነው። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸውና አንዱ ጋቢ ሲደርብ ሌላው ሸሚዙን ይሰበስባል።

በሙያው ያለ ሁሉ የሚያውቀው፣ ለደንበኛ ግን እምብዛም የማይነገረው አንድ ነገር አለ። በብርድ ወራት «ተቃጠለ» ከሚባለው ዕቃ ብዙው ደህና ነው። ጥፋቱ ያለው ከጀርባው ነው፤ በሽቦው፣ በቮልቴጁ፣ በውሃው ግፊት ወይም በቤቱ ቅዝቃዜ። ይህ ሳይለይ ዕቃ ከተቀየረ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል፣ ባለቤቱም በወሩ ዳግም ይከፍላል።

ከሂተሩ እንጀምር። ውስጡ ያለችው ማሞቂያ፣ በሙያው አጠራር ረዚስታንስ፣ የምትሰጠው ሙቀት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ ከዚያ በባሰ ፍጥነት ያሽቆለቁላል። 2,000 ዋት የተጻፈበት ሂተር 220 ቮልት ካገኘ 2,000 ዋቱን ይሰጣል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱንና ምድጃውን ሲሰካ፣ ቮልቴጁ 180 ከደረሰ ያው ሂተር የሚሰጠው 1,340 ዋት ገደማ ነው። 160 ላይ ወደ 1,060 ይወርዳል። ቮልቴጁ የቀነሰው በሩብ ገደማ ነው፤ ሙቀቱ ግን ግማሽ ሆነ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሂተሩ ራሱ «ይድናል»፤ ባለሙያው ጠዋት ሲመጣም ምንም ችግር አያገኝበትም።

ይህን ለመለየት ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ የቮልት ማሳያ ትበቃለች። ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ መጀመሪያ ሂተሩ ሳይሠራ፣ ቀጥሎ ሂተሩ እየሠራ። ምንም ሳይሠራ ቁጥሩ 185 ከሆነ ችግሩ ከቤት ውጭ፣ ከመስመሩ ወይም ከትራንስፎርመሩ ነው፤ ቤት ውስጥ ምንም ቢቀየር አይለወጥም። ሳይሠራ 215 ሆኖ ሂተሩ ሲበራ 185 ከወረደ ግን ጥፋተኛው ከሶኬቱ ወደ ኋላ ያለ ቀጭን ሽቦ ወይም የላላ መገጣጠሚያ ነው። የጠፋው 30 ቮልት የትም አልሄደም፤ ግድግዳው ውስጥ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ሙቀት ሆኖ እየወጣ ነው። ይህ ለነገ የማይባል ጥሪ ነው።

አንዳንዱ መፍትሔው ስታቢላይዘር ይመስለዋል። ለሂተር ስታቢላይዘር ነገሩን ያከፋዋል። በ180 ቮልት ሂተሩ ለብቻው የሚስበው 7.4 አምፔር ያህል ነው። ስታቢላይዘሩ ቮልቱን ወደ 220 አንስቶ ሙሉ 2,000 ዋት ሲያስሠራው ከመስመሩ የሚሳበው ከ11 አምፔር ይበልጣል፤ ያው ቀጭን ሽቦ የበለጠ ይግላል፣ የጎረቤትም መብራት የበለጠ ይደበዝዛል። ስታቢላይዘር የሚያስፈልገው ፍሪጁ ነው፤ ምክንያቱን በቦታው እንመጣበታለን።

ስፒናው የሚናገረው

ሂተሩ 20 ደቂቃ ከሠራ በኋላ አጥፍተው ይንቀሉትና የስፒናውን እግሮች በጣት ጫፍ ይንኩ። ለብ ካሉ ደህና ነው። ጣት የማያስነካ ከሆነ የሶኬቱን ፊት ጠጋ ብለው ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ቀዳዳዎች በአንዱ ዙሪያ ብቻ ፕላስቲኩ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር ሆኗል። ሲቃጠል ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሲከፈት እግሩን የምትይዘው ነሐስ ቀለሟ ተለውጦ፣ የመያዝ ኃይሏን አጥታ ተከፍታለች። የላላ ነሐስ ይሞቃል፣ ሲሞቅ የባሰ ይላላል፤ ዙሩ ይኸው ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት ስፒናውን ቀይሮ ሶኬቱን መተው ነው። የተጎዳው ሶኬት አዲሱን ስፒና በሳምንታት ውስጥ ያበላሸዋል። ሁለቱም ባንድ ላይ ይቀየራሉ፤ ሽቦውም ጫፉ ከጠቆረ ንጹሕ መዳብ እስኪመጣ ተቆርጦ እንደገና ይታሰራል።

ሂተር በዲቫይደር አይሰካም። ይህ ድርድር የለውም። ዲቫይደሩ ላይ 10 አምፔር ቢጻፍም ባለ 2,000 ዋት ሂተር ብቻውን 9 አምፔር ይወስዳል፤ ቴሌቪዥንና ቻርጀር ሲጨመርበት ሞላ። ርካሾቹ ውስጥ ያለው ሽቦ ደግሞ ከተጻፈው እጅግ የቀጠነ ነው።

በቆዩ ቤቶች ሌላም አለ፤ ከውጭ የሚገባውን አሉሚኒየም ከቤቱ መዳብ ጋር በእጅ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል። ሁለቱ ብረቶች አንድ ላይ አይስማሙም፤ መገጣጠሚያው ዝጎ መተላለፊያው ይጠብባል፣ ክረምት ያለፈው እርጥበትም ያፋጥነዋል። ለዚህ ሥራ የተሠራ ማያያዣ አለ፤ መጠምዘዝ አይተካውም።

እውነተኛው ድንገተኛ የትኛው ነው?

የማይሞቅ ሂተር እስከ ነገ ይቆያል። ዋናውን ብሬከር ሮጦ የሚያስወርደው ሌላ ነው። አምፖሎች ከወትሮው በላይ ቦግ ካሉ፣ ወይም ባለ ሦስት ፌዝ ቤት ውስጥ አንዱ ክፍል ቦግ ብሎ ሌላው ከደበዘዘ፣ ኒውትራሉ፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ተበጥሷል ወይም ላልቷል። ያኔ ለ220 የተሠራ ዕቃ ወደ 380 የሚጠጋ ቮልቴጅ ሊደርሰው ይችላል። ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ ሂተሩን አንድ በአንድ መንቀል ጊዜ ይፈጃል፤ ዋናውን ማውረድ ነው። ከዚያ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎቱ 905 ይደወላል። እስከ ቆጣሪው ያለው የእነሱ፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው። ምሰሶ ላይ የሚወጣ የሰፈር ልጅ መፈለግ ሰው ለማስገደል ካልሆነ አይጠቅምም።

ሁለተኛው ድንገተኛ ውሃው ሲነዝር ነው። ሻወሩ ሥር ሆኖ ቧንቧውን ሲነኩ እጅን ጠቅ የሚያደርግ ስሜት ካለ «ትንሽ ነው» አይባልም። ረዚስታንሷ ውሃው ውስጥ እየለቀቀች ነው፣ ቤቱም ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የለውም ወይም ኧርዙ ተቋርጧል። በ30 ሚሊአምፔር የሚወድቅ የሊኬጅ ብሬከር ለዚህ የተሠራ ነው፤ ለሻወርና ለቦይለር መስመር ከሂተሩ ቀድሞ መገዛት የነበረበት ዕቃ እሱ ነው።

ቅጽበታዊ የሻወር ሂተር ላይ ብዙ ሰው የሚማረረው ዕቃው ሳይበላሽ ነው። ደሴ ላይ ሌሊት ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት 10 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይችላል። ያንን ወደ 38 ለማምጣት 5,500 ዋት ያለው ሂተር በደቂቃ ማሞቅ የሚችለው 2.8 ሊትር ያህል ነው። ቮልቴጁ 180 ከሆነ ከ2 ሊትር በታች ይወርዳል፤ ሻወር ሳይሆን ጠብታ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ውሃው 18 ዲግሪ ከሆነ ያው ሂተር 4 ሊትር ገደማ ያወጣል። ስለዚህ እታች ኮምቦልቻ ያደነቁትን ሂተር ገዝቶ ደሴ መስቀል ያስከፋል። ውሃውን ቀነስ ማድረግ እንጂ ሂተሩን መፍታት መፍትሔ አይሆንም።

ሮቶው ቆርቆሮው ላይ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ሂተሩ ጭራሽ አይነሳም። ውስጡ ያለው ማስነሻ የውሃ ግፊት ይፈልጋል፤ ከሻወሩ እስከ ሮቶው ያለው እያንዳንዱ ሜትር 0.1 ባር ብቻ ይሰጣል። ሁለት ሦስት ሜትር ካልተገኘ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን የውሃ መግቢያዋን ወንፊት አውጥቶ ማጠብ ነው፤ የሮቶ ዝቃጭ የሚያርፈው እዚያ ነው። 5,500 ዋት 25 አምፔር ማለት ስለሆነ መስመሩ ከብሬከሩ በቀጥታ የሚመጣ፣ ቢያንስ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ርቀት ካለው ባለ 6 ሽቦ መሆን አለበት። የሶኬቱን ባለ 2.5 ሽቦ ቀጥሎ ማምጣት ኮርኒስ ውስጥ እሳት ማስቀመጥ ነው።

ቦይለር ሲከፈት

ባለ 50 ሊትር ቦይለር 1,500 ዋት ከሆነ ከ10 ወደ 60 ዲግሪ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በ180 ቮልት ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። አንድ ሰዓት ጠብቆ «አይሠራም» ማለት ችኮላ ነው።

ብሬከር የሚጥል ከሆነ መቼ እንደሚጥል ማየት ብዙ ያሳጥራል። ገና ሲበራ የሚጥል ከሆነ ረዚስታንሷ ከአካሉ ጋር ተገናኝታለች። ግማሽ ሰዓት ሠርቶ የሚጥል ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ብሬከሩ ላይ ያለው ብሎን ነው፤ ላልቶ ይግልና ብሬከሩ በራሱ ሙቀት ይወድቃል።

ለመፈተሽ ዋናው ይወርዳል፣ ኃይል አለመኖሩ በቴስተር ይረጋገጣል፣ የረዚስታንሷ ሁለት ሽቦዎች ይፈታሉ። መልቲሜትሩ በሁለቱ እግሮች መካከል ለ1,500 ዋት 32 ኦም፣ ለ2,000 ዋት 24 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ምንም ካላነበበ ተበጥሳለች። ከእያንዳንዱ እግር ወደ ቦይለሩ አካል ደግሞ ምንም ማንበብ የለበትም። ተራ መልቲሜትር በትንሽ ባትሪ ስለሚለካ ስትሞቅ ብቻ የምትለቅ ረዚስታንስ ታታልለዋለች፤ አስተማማኙ በ500 ቮልት የሚለካው ሜገር ነው፣ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካሳየ ትቀየር።

ረዚስታንሷ ስትወጣ ብዙ ጊዜ በነጭ ድንጋይ ተለብሳለች፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሲነካ ይፈረካከሳል። ድንጋዩ ሙቀቱን ወደ ውሃው እንዳይሄድ ይይዘዋል፣ ረዚስታንሷ ውስጧ ከመጠን በላይ ትግላለች፣ በመጨረሻም ሽፋኗ ይሰነጠቃል። ከጎኗ ያለችው የማግኒዚየም ዘንግ ተበልታ መሐል ሽቦዋ ከታየ አብራ መቀየር አለባት፤ እሷ ካለቀች ዝገቱ ወደ ታንኩ ይዞራል፣ የታንክ ቀዳዳ ደግሞ ጥገና የለውም። ጎሚኒው አዲስ ይሁን፤ የድሮው ለአንድ ቀን ይይዛል፣ ሌሊት ያንጠባጥባል። ብሎኖቹ በመስቀለኛ፣ በየተራ ይጠብቃሉ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አዲስ ረዚስታንስ ገና በዕለቱ የምትሞተው በአንድ ስሕተት ነው፤ ታንኩ ሳይሞላ ማብራት። የሙቅ ውሃው ቧንቧ ተከፍቶ አየር መትፋቱን ትቶ ያለ ማቋረጥ እስኪፈስ ድረስ ብሬከሩ አይነሳም።

ሲሞቅ ከደኅንነት ቫልቩ ጠብ ጠብ ማለቱ ጤንነት ነው፤ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ያንን ጠብታ በቡሽ ወይም በብሎን መድፈን ቦይለሩን ቦምብ ያደርገዋል። ሙቅ ቧንቧው ሲከፈት እንፋሎት ከተፋ ቴርሞስታቱ ተጣብቋል ማለት ነው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምልክቱ ከቆላ ይልቅ እዚህ ቶሎ ይታያል። የተጣበቀ ቴርሞስታት ቀን ከሌት ኃይል ይበላል፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር በተደረገበት ጊዜ መጀመሪያ የሚነግረን ብዙ ጊዜ የወሩ ሂሳብ ነው።

ጋዝ «አለቀ» የተባለው ፍሪጅ

ታኅሣሥ ላይ ፍሪዘሩ ሥጋ አቀለጠ፣ የታችኛው ክፍል ግን ይቀዘቅዛል፣ ሞተሩም ዝም ብሏል። ባለሙያ ይመጣል፣ «ጋዝ አልቋል» ይላል፣ ይሞላል፣ ገንዘቡን ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲሞቅ ፍሪጁ ይሠራል፤ ሁሉም ተደሰተ። በነጋታው ሥጋው እንደገና ለስልሷል።

የሆነው እንዲህ ነው። ከላይ ፍሪዘር፣ ከታች ፍሪጅ ያላቸው ተራ ፍሪጆች ሞተር አንድ፣ ቴርሞስታትም አንድ ነው፤ ቴርሞስታቱ ያለው ታችኛው ክፍል ነው። ማዕድ ቤቱ 10 ዲግሪ ከሆነ ታችኛው ክፍል ያለ ሞተር እርዳታ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። ቴርሞስታቱ «በቃኝ» ይላል፣ ሞተሩ አይነሳም፣ ፍሪዘሩም ቀስ ብሎ ይሞቃል። ፍሪጁ ጀርባ ወይም ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የአየር ንብረት ምድብ ተጽፏል፤ «ቲ» ከ16 እስከ 43፣ «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስኤን» ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ባለ ክፍል እንዲሠራ ተብሎ ነው። ለሞቃት አገር የተሠራ «ቲ» ደሴ ማዕድ ቤት ውስጥ ታኅሣሥን አይወደውም። መድኃኒቱ ሰው ወደሚውልበት ክፍል ማዛወር ነው፤ አንዳንዱ ሞዴል ለብርድ ወቅት የሚበራ ማብሪያም አለው፣ ባለቤቱ ግን ምን እንደሆነች አያውቅም።

ጋዝ ነዳጅ አይደለም፤ አያልቅም፣ ያፈሳል። አለቀ የሚል ባለሙያ የት እንዳፈሰ በሳሙና አረፋ ያሳይ። ኮምፕሬሰሩ ላይ «አር 600ኤ» ከተጻፈ ጉዳዩ ይከብዳል፤ የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ከ70 ግራም ያነሰ ስለሆነ በሚዛን እንጂ በግምት አይሆንም፣ ጋዙም ተቀጣጣይ ነው። የቡና ከሰል በተያያዘበት ክፍል ውስጥ ይህን መሙላት እብደት ነው።

ስታቢላይዘሩ እዚህ ነው የሚጠቅመው። ቮልቴጁ ሲያንስ ሞተሩ መነሳት ያቅተዋል፤ በየጥቂት ደቂቃው እህ ብሎ ጠቅ ይልና ይተዋል። ይህ ድምፅ ከተሰማ ፍሪጁ ይነቀላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሦስት ደቂቃ የሚያቆይ ስታቢላይዘር ከሆነ ደግሞ ይመረጣል።

ሂተሩ በሌለበት ሌሊት

ባለሙያ እስኪመጣ ወደ ከሰል መመለስ የወሎ ቤት ልማድ ነው። «ውጭ በደንብ ቀልቶ ነው የገባው» የሚለው መተማመኛ ግን ውሸት ነው። መቅላቱ ጭሱን ያጠፋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይቀጥላል፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ደሴ ላይ አየሩ ራሱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ስለሳሳ የሰውነት መጠባበቂያም ጠባብ ነው። ብርዱን ለመከላከል የበር ሥር ስንጥቁን በጨርቅ የደፈነ ቤት ደግሞ መውጫውን ዘግቷል። ከሰል ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አያድርም፣ «ሊጠፋ ነው» የተባለውም ቢሆን።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር በአንድ ክፍል ያሉትን ሁሉ አብሮ ከያዘ ጉንፋን አይደለም። ወደ ውጭ ይውጡ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ስለማይለይ «98» ቢልም አያጽናናም፤ ከሰል ነበር ብሎ ለሐኪሙ መናገር ግድ ነው። በተራ አየር ሲሆን የገባው ጋዝ ግማሹ ለመውጣት አራት አምስት ሰዓት ይፈልጋል፤ በኦክስጅን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ።

ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሰውም ከፍታውን ይቁጠር። ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል፤ 4 ኪሎዋት የተባለው ደሴ ላይ 3 አይሞላም። ጥቁር ጭስና የጠቆረ ካንዴላ የሚመጡት ነዳጁ ለሳሳው አየር ስለበዛ ነው፤ ካርቡሬተሩ ላይ አነስ ያለ ጅክለር (ነዳጁ የሚያልፍባት ቀዳዳ) ይገባል። ወደ ባቲ ወይም ሚሌ ከወረደ ግን ጅክለሩ ይመለስ፤ ያለበለዚያ ሞተሩ ይግላል።

ኮምቦልቻን በአጭሩ። ኤሲ ሲቆም መጀመሪያ የሚታየው ወንፊቱ፣ ቀጥሎ የውጭው ክፍል ነው። የውጭው ፋን ካልዞረና ኮምፕሬሰሩ ካጉረመረመ ካፓሲተሩ ይጠረጠራል፤ አናቱ ካበጠ ወይም ከተጻፈው ማይክሮፋራድ ከ6 በመቶ በላይ ከወረደ ይቀየራል፣ ከመነካቱ በፊት ግን ያጠራቀመው ኤሌክትሪክ ይለቀቅ። የውስጡ ቱቦ በረዶ ከሠራ ማሽኑን አጥፍቶ ፋኑን ብቻ ማስሄድ ነው፤ በረዶው ሳይቀልጥ የተለካ ጋዝ ውሸት ነው። በ1,850 ሜትር አየሩ ስለሳሳ የሚቀበለው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ለባሕር ጠለል በተሠራ ስሌት የተመረጠ ኤሲ ግንቦት ላይ ሳያርፍ ቢሠራ ጥፋቱ የመራጩ ነው።

ባለሙያ ሲጠራ «ተበላሽቷል» ከማለት የዕቃውን የጽሑፍ ሰሌዳ ፎቶ፣ የቮልቱን ሁለት ንባብና ብሬከሩ መቼ እንደወደቀ በቴሌግራም መላክ አንድ ምልልስ ያስቀራል። የወጣው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ፤ የረዚስታንሷ ስብራት ወይም የስፒናው ጥቁረት የሚታይ ነገር ነው። ደሴ ፒያሳ ካልተገኘ ዕቃው 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስለሚመጣ ልኩ ቀድሞ ይጣራ፤ የረዚስታንሷ ርዝመት፣ ዋቷ፣ ጥርሷ አንድ ከሩብ ኢንች መሆኑ ወይም ባለ ስንት ብሎን ፍላንጅ እንደሆነች፣ የማግኒዚየሟ ዘንግ ጥርስ። ፎቶው ሲነሳ ማስመሪያ አጠገቧ ይቀመጥ። ጎሚኒውም አብሮ ይታዘዝ፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።